የሚያመው ሆዱ ነው ወይስ ቃሉ?
የሆድ ቆዳን በቀዶ ሕክምና ስለማጥበቅ በሬዲዮ የቀረበ ንግግር

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸው፣ በባልደረቦቻቸውና እስከ ዕለተ ቂያማ ድረስ ፈለጋቸውን በተከተሉ ሁሉ ላይ ይሁን።



በዛሬው ዝግጅታችን የምንነጋገርበት ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሊሆን ይችላል። በሌሎች ቤቶች ግን በሹክሹክታ ሲነሳ ቆይቷል። እርሱም የሆድን ቆዳ በቀዶ ሕክምና ማጥበቅ ነው። ሐኪሞች «አብዶሚኖፕላስቲ» ይሉታል። ቀድሞ የፊልም ተዋናዮች ወሬ ነበር፤ ዛሬ ግን ከአራስ ቤት የወጣች እህት ሁሉ በስልኳ ላይ ማስታወቂያውን ታያለች። ወደ ቱርክ ወይም ወደ ዱባይ ሄዳ ተሠርታ ስለመጣች ጎረቤት ይወራል። ከዚያም ጥያቄው ወደ መስጊድ ይመጣል። ብዙውን ጊዜ በአንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ነው የሚጠየቀው፦ «ሐላል ነው ወይስ ሐራም?»

ለዚህ ጥያቄ አንድ መልስ ብቻ የሚሰጥ ሰው ሁለት ነገር ዘንግቷል። የሚጠይቁት ሰዎች አንድ ዓይነት አይደሉም፤ የሚያማቸውም አንድ ዓይነት አይደለም። በየጊዜው ከሚነሱት ጥያቄዎች ተነስተን ሦስት ምሳሌዎችን እናስቀምጥ።

አንደኛዋ የአራት ልጆች እናት ናት። ሁለቱን በኦፕራሲዮን ነው የወለደችው። የመጨረሻው ልጇ ሦስት ዓመት ሞልቶታል። ከአልጋ ልትነሳ ስትል የሆዷ መሐል እንደ ዳቦ ጉብ ብሎ ይወጣል፤ ወገቧን ያማታል፤ ዕቃ ማንሳት ከብዷታል።

ሁለተኛው ወንድም ነው። ሐኪም ስላስጠነቀቀው በብዙ ትግል 40 ኪሎ ቀንሷል፤ አልሐምዱሊላህ። ቆዳው ግን እንደ ባዶ ከረጢት ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ከእጥፋቱ ሥር በላብ ይቆስላል፣ ይሸታል፤ በበጋ ወራት ቁስሉ አይደርቅም።

ሦስተኛዋ ከወለደች ገና ሰባት ወሯ ነው። ጤነኛ ናት፤ ሕፃኗን ታጠባለች። አንድ ቀን ባሏ ከስልኩ ላይ የሌላ ሴት ፎቶ አሳያትና «አንቺስ መቼ ነው እንዲህ የምትሆኝው?» አላት። ከዚያ ቀን ወዲህ መስተዋት ፊት መቆም አልቻለችም። ዓረብ አገር ያለች እህቷ ገንዘቡን እልክልሻለሁ ብላታለች።

ሦስቱም የሚጠይቁት ስለ አንድ ቀዶ ሕክምና ነው። የመጀመሪያዋን የሚያማት ጡንቻዋ ነው። ሁለተኛውን የሚያመው ቆዳው ነው። ሦስተኛዋን ያመማት ግን ሆዷ አይደለም፤ የባሏ ቃል ነው። እንግዲህ የዛሬው ንግግራችን ፍሬ ነገር ይህ ነው። ስለ ቢላዋው ከመጠየቃችን በፊት የሚያመን ምን እንደሆነ እንወቅ። ቢላዋ ቆዳን ይቆርጣል፤ ጡንቻን ይሰፋል። በቃል የቆሰለን ልብ ግን አይጠግንም።

ቀዶ ሕክምናው ምንድን ነው?

ስለማናውቀው ነገር መወሰን አንችልምና አሠራሩን በአጭሩ እንይ። ሐኪሙ በሆድ ታችኛው ክፍል፣ ከአንዱ ዳሌ እስከ ሌላው ዳሌ ድረስ አግድም ይቀዳል። ቆዳውን ከነስቡ ከጡንቻው ላይ ያላቅቃል። በእርግዝና ወይም በውፍረት ምክንያት የተራራቁትን የሆድ ጡንቻዎች ወደ መሐል ስቦ በክር ያያይዛል። ከዚያም ቆዳውን ወደ ታች ጎትቶ ትርፉን ቆርጦ ያስወግዳል። እምብርቱ በነበረበት ይቆይና በተጎተተው ቆዳ ላይ አዲስ ቀዳዳ ይወጣለታል። ይህ ሁሉ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሰዓት የሚወስድ ሲሆን፣ በአብዛኛው የሚሠራው በሙሉ ማደንዘዣ ነው። ከቆዳው ሥር የሚጠራቀመውን ፈሳሽ የሚያወጡ ቀጫጭን ቱቦዎች ለቀናት ሊቆዩ ይችላሉ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ከዳሌ እስከ ዳሌ የሚዘልቅ ጠባሳ ይቀራል። ጠባሳው ከውስጥ ልብስ ሥር ይደበቅ ይሆናል፤ በአንድ ዓመትና ከዚያም በላይ በሆነ ጊዜ ይደበዝዛል፤ ጨርሶ ግን አይጠፋም። የእርግዝና ሸንተረርም ቢሆን የሚሄደው በሚቆረጠው ቆዳ ላይ ያለው ብቻ ነው፤ ከእምብርት በላይ ያለው በአብዛኛው ይቀራል።

ብዙዎች ይህንን ቀዶ ሕክምና ከስብ መምጠጥ ጋር ያምታቱታል። ስብ መምጠጥ ከቆዳ ሥር ያለውን ስብ በቱቦ ማውጣት ነው፤ የላላ ቆዳን አያጠብቅም፤ የተራራቀ ጡንቻንም አያቀራርብም።

መጀመሪያ ሆዳችንን እንወቅ

ውድ አድማጮች፣ ሆድ የሚተልቀው በተለያየ ምክንያት ነው። አንደኛው በአንጀትና በሌሎች የውስጥ አካላት ዙሪያ የሚከማች ስብ ነው። ይህ ስብ ከጡንቻው በስተጀርባ ስለሆነ ይህ ቀዶ ሕክምና አይደርስበትም። ሆዳቸው ጠንካራና ወደ ፊት የወጣ ሰዎች፣ በተለይም ወንዶች፣ ብዙውን ጊዜ ችግራቸው ይህ ነው። መድኃኒቱ ምግብን መመጠንና መንቀሳቀስ ነው። ሁለተኛው ከቆዳ ሥር ያለው፣ በጣት ቆንጠጥ የሚደረገው ስብ ነው። ሦስተኛው የቆዳው መላላት ነው። አራተኛው የጡንቻ መራራቅ ነው። ቀዶ ሕክምናው በዋናነት የሚያገለግለው ለመጨረሻዎቹ ሁለቱ ነው። ስለዚህ ክብደት መቀነሻ አይደለም። ሐኪሞች ሰውየው ክብደቱን ቀንሶ፣ ክብደቱም ለወራት ባለበት ከረጋ በኋላ እንዲመጣ የሚመክሩት በዚህ ምክንያት ነው።

ከነዚህ ሁሉ የተለየ ደግሞ አለ። በአጭር ጊዜ ውስጥ የተነፋ ሆድ፣ ሕመም ያለው ሆድ፣ የወር አበባ መዛባት ወይም ያለምክንያት መክሳት አብሮት የመጣ ሆድ የውበት ጉዳይ አይደለም። የውስጥ ዕጢ፣ የፈሳሽ መጠራቀም ወይም ሌላ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር መመርመር አለበት።

የጡንቻ መራራቅን በተመለከተ እህቶቻችን ይህንን ይወቁ። በእርግዝና መጨረሻ ላይ የሆድ ጡንቻዎች መራራቅ የተለመደ ነው። ከወሊድ በኋላ ባሉት ወራት በአብዛኞቹ እናቶች ላይ በራሱ እየጠበበ ይሄዳል፤ በአንዳንዶቹ ላይ ግን ክፍተቱ ይቀራል። በጀርባ ተኝቶ፣ ጉልበት አጥፎ፣ ራስን ከትራስ ትንሽ ቀና ሲያደርጉ በእምብርት አካባቢ ጣቶች የሚገቡበት ክፍተት ካለ ወይም መሐሉ ጉብ ብሎ ከወጣ መራራቅ ሊኖር ይችላል። ይህ ግን ምልክት እንጂ ምርመራ አይደለም። አብሮት የእምብርት ቡአ ሊኖር ስለሚችል ሐኪም ማየት አለበት።

እናቶቻችን አራስን ሆዷን በመቀነት ያስሯት ነበር። ሳይጠብቅ ከታሰረ ለወገብ ድጋፍ ይሰጣል፤ የተራራቀውን ጡንቻ ግን አይሰፋም። ከሁሉ የሚቀድመው በፊዚዮቴራፒ ባለሙያ የሚሰጥ እንቅስቃሴ ነው። ተኝቶ ደጋግሞ ቀና የማለት ስፖርት ሆድን ይቀንሳል ተብሎ በየቤቱ ይሠራል፤ ጡንቻው ለተራራቀባት እናት ግን መሐሉን ይበልጥ ወደ ውጭ ሊገፋው ይችላልና ባለሙያ ሳያዩ አይጀመር።

ሸሪዓችን ምን ይላል?

ሱረቱ ኒሳእ በ119ኛው አንቀጽ የአላህን ፍጥረት ማስለወጥ ከሸይጧን ዛቻዎች አንዱ መሆኑን ትነግረናለች። ዐብዱላህ ኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ.) ያስተላለፉት፣ ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ሐዲስም ለቁንጅና ሲሉ የሚነቀሱና ጥርሳቸውን የሚያስፈለፍሉ ሴቶችን በብርቱ ይኮንናል። ይህ ማስጠንቀቂያ ቀላል አይደለም፤ ማንም ሊያቃልለው አይገባም።

በሌላ በኩል ደግሞ ሰሐባው ዓርፈጃ ኢብኑ አስዐድ (ረ.ዐ.) አሉ። በኩላብ ጦርነት አፍንጫቸው ተቆረጠ። ከብር የተሠራ አፍንጫ ቢያደርጉ ሸተተባቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከወርቅ እንዲያሠሩ አዘዟቸው። ይህንን አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበውታል። ወርቅ ለወንድ ልጅ የተከለከለ ሆኖ ሳለ፣ የጎደለውን አካል ለመመለስና መሽተቱን ለማስወገድ ሲባል ተፈቀደ። ኢማም ነወዊም የሙስሊምን ሐዲስ ሲያብራሩ ክልከላው ለቁንጅና ብሎ ለሚደረገው መሆኑን፣ ለሕክምና ወይም ለጉድለት ከሆነ ግን ችግር እንደሌለው ገልጸዋል።

በዘመናችንም የዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2007 በማሌዥያ ፑትራጃያ ባደረገው 18ኛ ጉባኤው ስለ ማስዋቢያ ቀዶ ሕክምና ውሳኔ አሳልፏል። የውሳኔው ይዘት በአጭሩ ይህ ነው። በበሽታ፣ በቃጠሎ፣ በአደጋና በመሳሰለው የመጣን ጉድለት ማስተካከል ይፈቀዳል። በሰውየው አካል ወይም ሥነ ልቦና ላይ ጉዳት የሚያደርስ የአካል መበላሸትን ማስወገድ ይፈቀዳል። ውፍረቱ በሽታ ከሆነና ከቀዶ ሕክምና በቀር ሌላ መንገድ ከሌለ፣ ጉዳት እንደማያመጣም ከታመነ፣ በቀዶ ሕክምና መቀነስም ይፈቀዳል። ጤነኛን አካል ስሜትን ተከትሎና ሌሎችን ለመምሰል ተብሎ መለወጥ ግን አይፈቀድም። የሚፈቀደውም ቢሆን ቅድመ ሁኔታዎች አሉት፦ ጥቅሙ ከጉዳቱ የሚያመዝን መሆኑ፣ በሙያው ብቁ በሆነ ሐኪም መሠራቱ፣ የታካሚው ፈቃድ መኖሩ፣ ሐኪሙም ሊከተል የሚችለውን ሁሉ አስቀድሞ መንገሩ ናቸው።

እንግዲህ ይህንን ይዘን ወደ ሦስቱ ሰዎች እንመለስ።

የወንድማችን ጉዳይ ግልጽ ነው። የሚቆስልና የሚሸት የተንጠለጠለ ቆዳ በሽታ ነው። ለርሱ ጡንቻውን ሳይነካ የተንጠለጠለውን ቆዳ ብቻ የሚያስወግድ ቀዶ ሕክምናም አለ። ይህ ሕክምና ነው፤ መታከምም ተፈቅዷል።

የአራት ልጆች እናትም ጡንቻዋ ተራርቆ፣ ወገቧን እያመማት፣ በፊዚዮቴራፒ ሞክራ ካልተሻላትና ሐኪም ካረጋገጠላት፣ የምትጠይቀው የተበላሸን ወደነበረበት መመለስ ነው። በፈጠራት ጌታ ሥራ ላይ ሌላ መልክ መጨመር አይደለም። ሕመም ሳይኖራት የቆዳዋ መላላት ብቻ ስለሚያስጨንቃት እህት ግን ዑለሞች አንድ ቃል የላቸውም። ነገሩን ወደነበረበት መመለስ ነው ብለው የሚያገሩ አሉ፤ ካለችግር ገላን መቁረጥ ነው ብለው የሚያጠብቁም አሉ። እንዲህ ዓይነቷ እህት የሐኪሟን ቃል ይዛ የምታምነውን ዓሊም በግል ትጠይቅ። ከሬዲዮ የተሰማ አጠቃላይ ንግግር ለአንድ ሰው ፈትዋ አይሆንም።

ሦስተኛዋን እህቴን ግን «አሁን አይደለም» እላታለሁ። ሰባት ወር ሰውነት ገና ወደ ቦታው እየተመለሰ ያለበት ጊዜ ነው። ሕፃኗን እያጠባች ነው። ሌላ ልጅ አላህ ቢሰጣት ደግሞ የተሰፋው ጡንቻና የጠበቀው ቆዳ እንደገና ሊላላ ይችላል። ስለዚህ ነው ሐኪሞች መውለድ ያላቆመችን እናት ቆይ የሚሉት። ከሁሉም በላይ ግን በዚያ ቤት ውስጥ መታከም ያለበት የርሷ ሆድ ሳይሆን የባሏ አንደበት ነው።

ለባሎች የምንለው

ወንድሞቼ፣ እስቲ እውነቱን እንነጋገር። ሚስት ለባሏ መዋቧ ያማረ ነገር ነው፤ በኒያ ከሆነም አጅር አለው። ኢብኑ ዓባስም (ረ.ዐ.) ሚስታቸው እንድታጌጥላቸው እንደሚወዱ ሁሉ ለርሷ ማጌጥን እንደሚወዱ ተናግረዋል። ሒና፣ ኩል፣ ሽቶ፣ ንጹሕ ልብስ ሁሉ ደስ ይላል። በሙሉ ማደንዘዣ ተኝቶ ገላን ማስቀደድ ግን ኩል መኳል አይደለም። ይህንን ከሚስቱ የሚጠይቅ ሰው ምን እየጠየቀ እንደሆነ ይወቅ።

ሱረቱ ሉቅማን በ14ኛው አንቀጽ የእናትን እርግዝና ስታወሳ በድካም ላይ ድካም መደራረቡን ታነሳለች። ያ ሆድ የላላው የኛን ልጆች ተሸክሞ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የቀረበላቸውን ምግብ እንኳ አንቋሽሸው አያውቁም፤ ከወደዱት ይበሉ ነበር፤ ካልወደዱት ይተዉት ነበር። ምግብን ያላንቋሸሹት ነቢይ ተከታይ የልጆቹን እናት ገላ እንዴት ያንቋሽሻል?

ፎቶውስ ከየት መጣ? ሱረቱ ኑር በ30ኛው አንቀጽ ዓይናቸውን እንዲሰብሩ መጀመሪያ የታዘዙት ወንዶች ናቸው። ባዕድ ሴትን ማየቱ አንድ ጥፋት፣ ከሚስት ጋር ማወዳደሩ ሌላ ጥፋት ነው። ደግሞም የኛው ሆድ ከቀበቶ አልፎ ሲወርድ ማን ፎቶ አሳየን? ሚስትህን የምትወድ ከሆነ ልጁን ተቀበላትና በእግሯ ትንቀሳቀስ፤ እንቅልፍ ትተኛ፤ አብራችሁ ምግባችሁን መጥኑ። ይህ ከቀዶ ሕክምናው ወጪ ያነሰ ነው፤ ፍቅሩ ግን ይበልጣል።

ሚስት ለሕመሟ መታከም ስትፈልግ «ሰው ምን ይላል» ብሎ የሚከለክል ባልም እንደዚሁ አላህን ይፍራ። ገላዋ አማና ነው፤ ሕመሟም እውነት ነው።

አደጋውን አንሸፍን

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይላሉ አባቶቻችን። ማስታወቂያው ፊትና ኋላ የተነሳ ፎቶ ያሳያል፤ በሁለቱ ፎቶዎች መካከል ያለውን ግን አያሳይም።

በመካከሉ ያለው ይህ ነው። ቁስሉ ሊያመረቅዝ ይችላል። ከቆዳው ሥር ፈሳሽ ወይም ደም ሊጠራቀም ይችላል። የቆዳው ጠርዝ ደም አጥቶ ሊሞትና ቁስሉ ሳይገጥም ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል። ከእምብርት በታች ያለው ቆዳ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዘለቄታው ሊደነዝዝ ይችላል። ከሁሉ የሚያስፈራው ግን በእግር ደም ሥር ውስጥ ደም ረግቶ ወደ ሳንባ መሄዱ ነው። ይህ በብዙዎች ላይ አይደርስም፤ ከደረሰ ግን ሊገድል ይችላል። ከቀዶ ሕክምና በኋላ አንድ እግር ካበጠና ካመመ፣ ወይም ድንገት ትንፋሽ ካጠረና ደረት ከወጋ፣ እስኪነጋ ሳይጠበቅ ወደ ሆስፒታል መሮጥ ያስፈልጋል።

ሲጋራና ሺሻ የሚያጨስ ሰው የቆዳው የደም ሥሮች ስለሚጠቡ ቁስሉ በቀላሉ አይድንም። ሐኪሞች ቢያንስ ከ4 ሳምንት በፊት እንዲቆም ያዛሉ። አላህ ካለ በዚያው ይቆማል። ያልተስተካከለ ስኳር፣ የልብ ሕመም ወይም ከዚህ በፊት ደም የመርጋት ችግር ያለበት ሰው አደጋው ይበዛበታል። የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብልም ሆነ አስፕሪን፣ እቤት የሚወሰድ ባህላዊ መድኃኒትም ቢሆን፣ አንዱም ሳይደበቅ ለሐኪሙ ይነገር።

ወደ ውጭ አገር ለምትሄዱም አንድ ነገር እንበል። ርካሽ ዋጋ የተባለው ቁስሉ ቢያመረቅዝ የሚከታተል ሰው የሌለበት ዋጋ ሊሆን ይችላል። ረጅም የአውሮፕላን ጉዞ ራሱ ደም እንዲረጋ ያግዛል። የብሪታንያ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ከዚህ ቀዶ ሕክምና በኋላ ከመብረር በፊት ከ7 እስከ 10 ቀን እንዲቆይ ይመክራል። በሦስተኛው ቀን ተመልሳችሁ ትበራላችሁ የሚል ደላላ ካጋጠማችሁ ራቁት።

ሐኪም ፊት ስንቀርብ

መጠየቅ ነውር አይደለም። ሐኪሙ የፕላስቲክ ሰርጀሪ ስፔሻሊስት ነው ወይ? ይህንኑ ሥራ ምን ያህል ጊዜ ሠርቷል? ማደንዘዣ የሚሰጠው ማነው? ድንገተኛ ችግር ቢመጣ የሚረዳ የተሟላ ሆስፒታል ነው? ከኔ የሚቆረጠው ምንድን ነው፤ የሚቀረውስ? ካላሠራሁት ምን ይሆናል? ሌላ መንገድስ አለ? የመጨረሻዎቹን ሁለት ጥያቄዎች በትዕግሥት የማይመልስ ሐኪም ገላን አሳልፈው የሚሰጡት ሐኪም አይደለም።

እህቶቻችን ሴት ሐኪም ካገኙ እርሷ ትቅደም። በሙያው ብቁ የሆነች ሴት ካልተገኘች ወንድ ሐኪም ማከሙ ለችግር የተፈቀደ ነው። የሚገለጠው የሚያስፈልገው ያህል ብቻ ሆኖ፣ ባል ወይም መሕረም ወይም ነርስ አብራ ትሁን። በስልክ ገላን ፎቶ አንስቶ ለማይታወቅ ሰው መላክን ግን ተጠንቀቁ። አንዴ የወጣ ምስል አይመለስም።

ስለ ገንዘቡም እናስብ። በወለድ ተበድሮ ሆድ ማስጠበቅ አንዱን ጉድለት በሌላ ማባባስ ነው። የሰው ዕዳ ያለበት፣ የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ያልከፈለ፣ ዘካው ያለፈበት ሰው ወረፋው የማን እንደሆነ ራሱን ይጠይቅ። ከዓረብ አገር የሚመጣው ገንዘብም ቢሆን የአንዲት እህት ላብ ነው።

ማገገሚያውና ዒባዳው

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቀጥ ብሎ መቆም አይቻልም፤ ጎንበስ ብሎ ነው የሚኬደው። ቀላል የቢሮ ሥራ ያለው ሰው ከ2 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ ይመለስ ይሆናል። ከባድ ዕቃ ማንሳት ግን ለ6 ሳምንት ያህል የተከለከለ ነው። ከባድ ዕቃ ስንል ጀሪካን ብቻ አይደለም፤ የሁለት ዓመት ልጅም ከባድ ዕቃ ነው። ስለዚህ «ልጁን ማን ያነሳዋል፤ ማንስ ያዝለዋል?» የሚለው ጥያቄ ከመወሰን በፊት መልስ ይፈልጋል። እናት፣ እህት ወይም ሠራተኛ ከሌለ፣ ባልም ሥራውን የማይተው ከሆነ፣ ጊዜው ገና ነው ማለት ነው።

ሰላትን በተመለከተ፣ ዒምራን ኢብኑ ሑሰይን (ረ.ዐ.) ታመው ሲጠይቁ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቆሞ መስገድ ያልቻለ ተቀምጦ፣ ያም ካልቻለ በጎኑ ተጋድሞ እንዲሰግድ መርተዋቸዋል። ሩኩዕና ሱጁድ ስፌቱን የሚጎዳ ከሆነ በምልክት ይሰገዳል። ውሃ እንዳይነካው በታዘዘ ቁስል ላይ በፋሻው ላይ ማበስ ወይም ተየሙም እንደሁኔታው አለ። ዝርዝሩን አስቀድማችሁ ዓሊም ጠይቁ፤ ሰላት ግን በሕመም ሰበብ አትቋረጥ። ከረመዳን ዋዜማ ላይ አለማድረጉም ከብዙ ቀዷ ያድናል።

ውሳኔው

ሐኪሙ ተናግሮ፣ ዓሊሙ ተጠይቆ፣ ቤተሰብ ተማክሮ ሲያበቃ ሁለት ረከዓ ሰግዶ ኢስቲኻራ ማድረግ ነው። ጃቢር (ረ.ዐ.) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በነገሮች ሁሉ ኢስቲኻራን ያስተምሯቸው እንደነበር ነግረውናል። አንዳንዶች ኢስቲኻራ አድርገው ሕልም ይጠብቃሉ። ሕልም ማየት ግዴታ አይደለም። ኢስቲኻራ ምክክርን አይተካም፤ ከምክክር በኋላ ነገሩን ለአላህ አሳልፎ መስጠት ነው።

ከዚያም አንድ ጥያቄ ለራስ ይቅረብ። ማንም የማያየኝ፣ ማንም የማይናገረኝ፣ ስልክም ማስታወቂያም የሌለበት ቦታ ብሆን ይህንን ሕክምና እፈልገው ነበር? የሚቆስል ቆዳ፣ የሚከፈት ጡንቻ፣ የሚያም ወገብ ያለበት ሰው ሰው በሌለበትም ያመዋል፤ መልሱ «አዎን» ነው። ሰው ሲጠፋ ሕመሙም የሚጠፋ ከሆነ ግን ሕመሙ ከሆድ ላይ አይደለም፤ ሌላ ቦታ ይፈለግ። ያም ሕመም ሕመም ነው፤ አይናቅ። መስተዋት ፊት መቆም ያቃታት፣ ከወለደች ወዲህ የሚከፋት፣ እንቅልፍ ያጣች እህት ለአእምሮ ጤና ባለሙያ ትናገር። ይህም መታከም ነው።

«ሲያጌጡ ይመላለጡ» የሚባለው ማጌጥ ጥፋት ስለሆነ አይደለም፤ ልኩን ሲያልፍ ያለውንም ስለሚያሳጣ ነው። መታከም ላለበት ሰው ሸሪዓችን በሩን አልዘጋም። በሰው ዓይን ለተጨነቀ ሰው ደግሞ ከቢላዋ የተሻለ መድኃኒት አለው፤ እርሱም በቤት ውስጥ የሚነገር መልካም ቃል ነው።

አላህ (ሱ.ወ.) ሕሙማኖቻችንን ያሽርልን፤ የእናቶቻችንንና የሚስቶቻችንን ድካም በአጅር ይተካላቸው፤ አንደበታችንን ከማቁሰል ይጠብቅልን፤ የሰጠንን ገላ በአማና የምንጠብቅ ያድርገን። አሚን። ወላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።